ሥራ ፍጠሩ፤ ከሰላምታ ጋር

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምረቃ በዓል ላይ ተገኝቶ የማያውቅ ሰው ብዙም አልቀረበትም። የጅማውን ከሰማ የባሕር ዳሩን ሰምቷል፤ የሚለየው ከጣና የሚመጣው ነፋስ ብቻ ነው። የክብር እንግዳው ይነሣሉ፤ ማይክሮፎኑን በጣታቸው መታ መታ ያደርጋሉ፤ ስለ አገር ተረካቢነት፣ ስለ ብልጽግና፣ ስለ ትውልድ አደራ ይናገራሉ፤ መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ውድ ተመራቂዎች፣ ሥራ ፈጣሪዎች ሁኑ እንጂ ሥራ ፈላጊዎች አትሁኑ!» ይላሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ከሞጣና ከደብረ ታቦር በሌሊት ተነሥተው የመጡ እናቶች እልልታውን ያቀልጡታል። እልልታው ተገቢ ነው፤ ልጅ ተመርቋል። የተባለው ነገር ግን ጌጡ ሲወልቅ «ልጃችሁን ተረከቡን፤ እኛ ጨርሰናል» ነው።

እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር ከልቤ አደንቃለሁ። እንዲህ አጭር ሆኖ ይህን ያህል ዕዳ ያራገፈ ዓረፍተ ነገር በአገራችን ጥቂት ነው። ድሮ «ለተማረ ልጅ ሥራው የት አለ?» ተብሎ የሚጠየቀው መንግሥት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውም ከጎኑ ቆሞ ያፍር ነበር። አሁን የሚጠየቀው ተመራቂው ነው። «ለምን ሥራ አልፈጠርክም?» ይለዋል አጎቱ፤ ይለዋል የቀበሌው ሊቀመንበር፤ ትለዋለች የቴሌቪዥን አቅራቢዋ። የ22 ዓመት ልጅ፣ የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ የመንግሥት ባለዕዳ እንደሆነ፣ ጋዋኑን ገና ሳያወልቅ የሥራ ዕድል ፈጠራ ሚኒስትርነት ይሾማል። የጎደለው ደመወዙና መኪናው ብቻ ነው።

ነገሩ ባንድ ጀምበር አልመጣም። በ2000 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማሩ ተባለ፤ ኢንዱስትሪው እየመጣ ስለሆነ መሐንዲሱ ቆሞ ይጠብቀው ነበር የተባለው። መሐንዲሶቹ በሰዓታቸው ደረሱ። ኢንዱስትሪው መንገድ ላይ ቆየ። በ2009 ዓ.ም.፣ ወጣቱ አደባባይ ወጥቶ ከተሰማ በኋላ፣ 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ታወጀና «ተደራጁ» ተባለ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የአንደኛ ዓመት ትምህርት በየዩኒቨርሲቲው አንድ ወጥ ሲደረግ «ኢንተርፕረነርሺፕ» የሁሉም ግዴታ ሆነ፤ ሐኪም የሚሆነውም፣ ታሪክ የሚያጠናውም፣ ስለ አፈር የሚመራመረውም ይማረዋል። ሂደቱን ልብ ላለ ሰው ቁጠባው ግሩም ነው። ኢንዱስትሪ መብራት ይፈልጋል፤ ፈንድ ብር ይፈልጋል፤ ኮርስ የሚፈልገው ማርከር ነው።

የኮርሱ መለያ ኤምጂኤምቲ 1012 ይባላል። መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ሪቻርድ ካንቲዮን አለ፣ ዦን ባቲስት ሴይ አለ፣ ጆሴፍ ሹምፔተር አለ። ሹምፔተር ሥራ ፈጣሪ ማለት አሮጌውን አፍርሶ አዲሱን የሚተክል ነው ብሏል፤ ተማሪው ይህን አፍርሶ ሳይሆን ሸምድዶ ይዞ ይገባል። ፈተናው ባለ ምርጫ ነው፦ ከሚከተሉት ውስጥ የሥራ ፈጣሪ ባሕርይ ያልሆነው የቱ ነው? ደፋርነት፣ በራስ መተማመን፣ በራስ መንገድ ማሰብ፣ መልሱ አልተሰጠም። ደፍሮ፣ በራሱ ተማምኖና በራሱ መንገድ አስቦ የመለሰ ልጅ ዜሮ ያገኛል። ከዚያ የቡድን ሥራ ይመጣል። አምስት ልጆች ሆነው የንግድ ዕቅድ ይጽፋሉ፤ ይኸውም አንዷ ትጽፋለች፣ አንዱ ያስጠርዛል፣ ሦስቱ ስማቸውን ያስገባሉ። በዚህ በኩል እንኳ ኮርሱን አልነቅፈውም፤ በአገራችን ሽርክና እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ በላይ በተግባር የሚያሳይ ትምህርት አላየሁም።

መምህሩንም እንየው። በየወሩ መጨረሻ በባንክ የሚገባለት የመንግሥት ደመወዝ አለው፤ «የተሰላ ስጋት መውሰድ» የሚለውን ርዕስ የሚያስተምረው እሱ ነው። በሕይወቱ የንግድ ፈቃድ አውጥቶ አያውቅም፣ ብላችሁ ልትስቁበት ከሆነ ግን ቸኮላችሁ። ደመወዙ ወር እንደማያደርሰው የታወቀ ነው። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ በግል ኮሌጅ ያስተምራል፤ ከወንድሙ ጋር በጋራ የገዙት ባጃጅ አለ፤ ለፋሲካ በግ ያደልባል። ባጃጁ የሚቆምበትን ተራ ለማግኘት ማን ማንን መለመን እንዳለበት፣ መለዋወጫው ሲጠፋ የት እንደሚገኝ፣ ሾፌሩ የቀኑን ገቢ ሲያጎድል በምን እንደሚታወቅ አብጠርጥሮ ያውቃል። ይህ ሁሉ እውቀት ግን ከግቢው በር ላይ ይቀራል። ሲላበሱ ውስጥ የለማ! ክፍል ሲገባ ስለ ስቲቭ ጆብስ ጋራዥ ያስተምራል። ለባሕር ዳር ልጅ ጋራዥ ማለት መኪና የሚሠራበት እንጂ መኪና የሚያድርበት እንዳልሆነም አይነግራቸውም።

ከግቢው ፊት ለፊት ደግሞ ቡና የምታፈላ ሴት አለች። በየትኛውም የአገራችን ዩኒቨርሲቲ በር ላይ አለች፤ ስለዚህ ይቺ ናት ብሎ የሚለያት የለም። ሸራ ወጥራ፣ አራት በርጩማ ደርድራ፣ ከሰሏን አራግባ ትውላለች። መምህራችን «የንግድ ፋይናንስ ምንጮች» የሚለውን ምዕራፍ አስተምሮ፣ ጥማቱን ይዞ ይወጣና እሷ ዘንድ ይቀመጣል።

«እትዬ፣ የዛሬዋንም ጻፊያት።»

«እሺ ጋሼ፤ ደመወዝ መቼ ነው?»

ትጽፋታለች። ያለ ወለድ፣ ያለ ማስያዣ፣ ያለ ባንክ። የማን ዱቤ እንደሚመለስ፣ የማን እንደሚቀር በዓይኗ ትለያለች፤ ባንኮቻችን ይህን ለማወቅ ክፍል አቋቁመው ሊለዩት ያልቻሉት ነገር ነው። መምህሩን በየወሩ በገንዘብ የምትደግፈው እሷ ስትሆን፣ በገንዘብ አያያዝ ላይ የምክር አገልግሎት የሚሰጠው እሱ ነው። ከዚያ ደንብ አስከባሪዎች ይመጡና በርጩማዎቹን ይጭናሉ። በማግሥቱ በግቢው አጥር ላይ «የሥራ ፈጠራ ሳምንት» የሚል ባነር ይሰቀላል፤ ቦታው ጸድቶለታል።

አሁን ወደ ሐይቁ ዳር እንውረድ፤ ዋናው ድግስ ያለው እዚያ ነው። ባሕር ዳር በስብሰባ የታደለች ከተማ ናት። ከሐይቁ ዳር ባሉት ሆቴሎች በአንዱ አዳራሽ ሥልጠና ያልተካሄደበት ሳምንት ካለ ሆቴሉ እድሳት ላይ ነው ማለት ነው። ከነዚህ ሥልጠናዎች ሁሉ ግርማ ያለው የስድስት ቀኑ ነው። ሥረ መሠረቱ የሐርቫርዱ የሥነ ልቡና ሊቅ ዴቪድ ማክሌላንድ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ በእሳቸው ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ «ኤምፕሬቴክ» የተባለውን ፕሮግራም በ1988 እ.ኤ.አ. በአርጀንቲና ጀመረ፤ እኛም ዘንድ የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል በ2013 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ሲቋቋም ይዞት መጣ። የሥራ ፈጣሪ 10 ባሕርያት ተቆጥረው ተቀምጠዋል። አሥሩንም በስድስት ቀን።

ከሥልጠናው ሁሉ ልቤን የሚነካው የቀለበቱ ጨዋታ ነው። መሬት ላይ እንጨት ይተከላል፤ ሠልጣኙ የሚቆምበትን ርቀት ራሱ መርጦ ቀለበት ይወረውራል። በጣም ቀርቦ የቆመ ፈሪ ነው፤ በጣም የራቀ ቁማርተኛ ነው፤ መካከል ላይ የቆመው ሥራ ፈጣሪ ነው። አስቡት፤ በመካኒካል ምሕንድስና የተመረቀ ልጅ፣ ብረት ሞርዶ እንዲሠራ አገር አምስት ዓመት ያስተማረው ልጅ፣ ጣናን ከጀርባው አድርጎ ቀለበት ይወረውራል። ከጀርባው ደግሞ የዓሣ አጥማጁ ታንኳ ያልፋል። አጥማጁ ዛሬ ወዴት አቅጣጫ እንደሚቀዝፍ፣ ነፋሱ ከተነሣ መረቡን ጥሎ ይመለስ ወይስ ይቆይ ብሎ የሚወስነው ነፍሱን አስይዞ ነው። እሱን ግን ማንም መካከል ላይ ቆመሃል አላለውም።

ማክሌላንድን አልወቅስም፤ ብልህ ሰው ነበሩ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሐሳባቸውን በሕንዷ ካኪናዳ ከተማ ሲሞክሩ ያሠለጠኑት ሱቅና አነስተኛ ፋብሪካ የነበራቸውን፣ ሲከስሩና ሲያተርፉ የኖሩ ነጋዴዎችን ነው። ከሥልጠናው በኋላ እነዚያ ነጋዴዎች ነቃ ብለው ተንቀሳቀሱ። እኛ ያንኑ መድኃኒት ቁና ይዞ ገበያ ወጥቶ ለማያውቅ ልጅ ሰጠነው። ካኪናዳ ላይ ሥልጠናው ንግድን አነቃ፤ እኛ ዘንድ ሥልጠናው ንግድ ሆነ። ይህ ስድብ አይደለም፤ ሒሳቡን አብረን እናስላው። አዳራሽ ይከራያል፤ ምሳ በቡፌ ይቀርባል፤ ሻይ ሁለት ጊዜ በኩኪስ ይወርዳል፤ ባነር አታሚው ባነር ያትማል፤ ቦርሳ ሰፊው አርማ ያለበት ቦርሳ ይሰፋል፤ አሠልጣኙ አበሉን፣ አስተባባሪው ውሎ አበሉን፣ ሾፌሩ ነዳጁን ይፈርማል። ስንት ሰው እንጀራ በላ! «ሥልጠናው ሥራ አልፈጠረም» የሚሉ ሰዎች የሚመለከቱት ሠልጣኙን ስለሆነ ነው።

ጥናት ወዳዶችም ይረብሹናል። ሆላንድ ውስጥ ብሬዳ በሚገኝ ኮሌጅ ተማሪዎች አነስተኛ ኩባንያ አቋቁመው እንዲሠሩ በሥርዓተ ትምህርቱ ተገደዱ። ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት የሚያስተክዝ ነበር፦ የልጆቹ ክህሎት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም፤ ነጋዴ የመሆን ፍላጎታቸው ጭራሽ ቀነሰ። ነገሩን ቀምሰው «ይህማ ለእኔ አይሆንም» አሉ። እኔ ይህን ኮርስ ከኛው ኮርስ አስበልጠዋለሁ፤ ቢያንስ አንድ እውነት አስተምሯል። አገራችንም ተሞክራለች። ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን ለፋብሪካ ሥራ ያመለከቱ አንድ ሺህ ገደማ ወጣቶችን በዕጣ ከፋፍለው፣ ለአንዱ ወገን የፋብሪካውን ሥራ፣ ለሌላው ወገን አጭር ሥልጠናና 300 ዶላር ገደማ በእጁ ሰጡት። ገንዘቡን የያዙት በዓመቱ ገቢያቸው በአንድ ሦስተኛ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ ብልጫው ጠፍቷል። እንግዲህ ሥልጠናው ከነብሩ ይህን ያህል ከተጓዘ፣ ያለ ብሩ የት ድረስ እንደሚሄድ ለማስላት ዲግሪ አያስፈልግም። እኛ ግን ብሩን ቀንሰን ቦርሳውን አስቀረን።

የንግድ ዕቅዶቹስ? በየዓመቱ ስለሚጻፉት ዕቅዶች አንድ ቃል ሳልል ባልፍ እምቦጭ ይታዘበኛል። እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ አረሙ የተማሪ ወዳጅ ሆኗል። እምቦጭን ወደ ከሰል፣ እምቦጭን ወደ ባዮጋዝ፣ እምቦጭን ወደ ማዳበሪያ፣ እምቦጭን ወደ ዘንቢል፤ የማይለወጥበት ነገር የለም። በወረቀት ላይ በሦስተኛው ዓመት ትርፍ ይጀምራል፤ ሁሌ በሦስተኛው ዓመት ነው፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ዘመቻ ሲታወጅ ግን ወደ ሐይቁ የገባው ወረቀት አልነበረም። ገበሬው ነው፤ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ በእጁና በማጭዱ፣ ሸክሙን በትከሻው እያወጣ። ለዚያ ገበሬ አረሙን ጎትቶ የሚያወጣ አንድ ጠንካራ መንሽ፣ አንድ ቀላል ጀልባ፣ አንድ የእጅ ማጨጃ ቢቀርብለት ገዥ ነበር። ይህ ግን ዕቅድ ሳይሆን ብየዳ ይጠይቃል።

ብየዳ ካልኩ አይቀር፣ አንድ የሚያሳፍር ታሪክ አለ። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ከሁለት ተቋማት የተዋሐደ ነው፤ አንዱ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው ፖሊ ቴክኒክ ነበር። ሶቪየት ኅብረት ማለት አትርፎ የሸጠን ሰው በወንጀል የምትከስስ አገር ናት። እነዚያ የንግድ ጠላቶች እዚህ መጥተው የሠሩት ቤት ብረታ ብረት፣ እንጨት ሥራ፣ ኤሌክትሪክ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ የእርሻ መሣሪያ የሚያስተምር ሆነ። በከተማው በጣሊያን የጦር ካሳ የተተከለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር፤ ከዚህ ወጥቶ እዚያ መግባት ይቻል ነበር፤ መግባት ያልፈለገም ሙያው እጁ ላይ ነው። ማንም ሥራ ፍጠሩ ብሎ አልሰበከላቸውም። ዛሬ ነጻ ገበያን የተቀበልን ጊዜ፣ መሣሪያው ቆሞ ስብከቱ ተጀመረ። ኮሚኒስቶቹ ቶርኖ አስተማሩ፤ እኛ ነጋዴዎቹ ራእይ እናስተምራለን።

ራእይ ካስፈለገ ደግሞ ዘጌ ማዶ ነው፤ በጀልባ ሰዓት የማይሞላ። እንደሚተረከው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸው ለሦስት ተከፍሎ አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ፤ በዘጌ እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይገባ ተገዘተ። እንግዲህ ልሳነ ምድሩ ላይ እህል የለም። ጤፉን ለመብላት ቡናና ጌሾ መሸጥ ግድ ነው። በሬና ማረሻ የተከለከለ ሕዝብ ደኑን ሳይመነጥር በንግድ ለዘመናት ኖረ። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨቱን የሚያሻግረው ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ነው፤ ሠሪዎቹ ነገደ ወይጦዎች የሐይቁን ዳር ደንገል፣ ዕድሜውን፣ መጎንጎኑን፣ በስንት ወር እንደሚበሰብስ ከአባት ከእናታቸው ተምረዋል። ምርቱ በጥቂት ወር ስለሚበሰብስ ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል፤ ይህንን የአሜሪካ ስልክ ሻጮች በብዙ ምርምር ነው የደረሱበት። ዩኒቨርሲቲው የነዚህን ሰዎች ባህል ለማጥናት ተመራማሪ ይልካል። አስተማሪ አድርጎ ግን አይጠራቸውም፤ ሁለተኛ ዲግሪ የላቸውማ።

ሥልጠናው ላይ አራት ማዕዘን ሣጥን ይሣላል፦ ጥንካሬ፣ ድክመት፣ መልካም አጋጣሚ፣ ስጋት። አራተኛው ሣጥን ውስጥ ሠልጣኞች በአብዛኛው «ውድድር» ብለው ይጽፋሉ፤ መጽሐፉ እንዲያ ስለሚል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ግን በክልሉ ጦርነት ነበር፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ፤ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ባጃጅ ቆመ። በኢንተርኔት ዕቃ እሸጣለሁ ብሎ የጀመረ ልጅ ሱቁ ከነመስኮቱ ተሰወረበት። ወደ አዲስ አበባ ዓሣ የሚልከው መንገድ ሲዘጋበት ዓሣው መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። ያ ልጅ ዛሬም «ለምን ሥራ አልፈጠርክም?» ይባላል፤ መልሱን በአራተኛው ሣጥን ልክ አሳጥሮ እንዲጽፍም ይጠበቅበታል።

ለማንኛውም ሁሉንም ያለፈች፣ ሥራ የፈጠረች አንዲት ተመራቂ አለች እንበል። ጨርቃ ጨርቅ ተምራለች፤ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ሁለት የስፌት መኪና ገዝታለች፤ ጋዋን፣ የላቦራቶሪ ካፖርት፣ አንሶላ ትሰፋለች። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ተማሪ ያለው፣ አንሶላ በጅምላ የሚገዛ፣ ለሐኪም ተማሪዎች ነጭ ካፖርት የሚያስፈልገው ትልቅ ደንበኛ ከየት ታገኛለች? ካስተማራት ዩኒቨርሲቲ የሚቀርባት ማን አለ? ጨረታው ወጥቷል፤ ታነበዋለች። የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ፣ በአቅራቢዎች ዝርዝር የተመዘገቡበት ማስረጃ፣ ለጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ፣ ከዚህ ቀደም ተመሳሳይ ሥራ በጥራት ያከናወኑበት ደብዳቤ። ከዚህ ቀደም! ባለፈው ሐምሌ የተመረቀች ልጅ ናት። ተቋሙ «የመጀመሪያ ደንበኛህን ማግኘት» የሚል ምዕራፍ ያስተምራል፤ የመጀመሪያ ደንበኛ መሆን ግን በመመሪያው አይፈቀድለትም።

ለአነስተኛ ድርጅቶች አስተያየት እንዳለ አልክድም። ካደራጃቸው መሥሪያ ቤት የዋስትና ደብዳቤ ካመጡ ሲፒኦው ይቀርላቸዋል። ስለዚህ ልጅቷ ጨረታው ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው ተነሥታ ወደ መሥሪያ ቤቱ ትሄዳለች። ቢሮው ተቆልፏል። ጥበቃው ወንበሩን ወደ ጥላ እየሳበ ያያታል።

«አባባ፣ ደብዳቤ የሚጽፉት ኃላፊ የሉም?»

«ሥልጠና ገብተዋል፣ ልጄ። ሐይቁ ዳር ነው፤ ስድስት ቀን ነው የሚቆየው።»

«የምን ሥልጠና?»

«እኔ ምኑን አውቄው፤ ሥራ ስለመፍጠር ነው ሲሉ ሰማሁ። ሰኞ ነይ።»